ገንዘብ አበዳሪ በከሰሰ ጊዜ ሊገልጻቸው ስለሚገቡ ነገሮች

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



አንድ ሰው ያበደረው ገንዘብ በጊዜው ሳይመለስለት ቀርቶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፥ ከዳኛው ፊት የሚያኖረው ብዙ ጊዜ አንዲት ወረቀት ናት። በወረቀቲቱ ላይ የተበዳሪው ስም፥ የገንዘቡ ልክ፥ የመክፈያው ቀንና ፊርማው ይገኛሉ። ተከሳሹ ቀርቦ ፊርማውን ያመነ እንደሆነ ክርክሩ በአጭሩ ያልቃል፤ ያልቀረበ እንደሆነም ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ይፈረድበታል። ነገር ግን ከወረቀቲቱ ላይ የማይነበብ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በዚያ ቀን ከአበዳሪው እጅ ወጥቶ በተበዳሪው እጅ የገባው ገንዘብ በእርግጥ ስንት ነበር? የሚለው ጥያቄ ነው።

የዚህ ንግግር ጭብጥ ይኸው ጥያቄ ነው፤ ይልቁንም ጥያቄውን ማን ማንሣት እንደሚገባው ነው። ተበዳሪው ያንሣው ቢባል፥ ብዙውን ጊዜ አይቀርብም፤ ቢቀርብም ማስረጃው በእጁ የለም። መዝገቡን የያዘው፥ ወለዱን ያሰላው፥ ወረቀቱን የጻፈው አበዳሪው ነው። ስለዚህ አንዳንድ አገሮች አበዳሪው ገና ክሱን ሲጽፍ የብድሩን ታሪክ ራሱ እንዲገልጽ አስገድደዋል። ይህ ሐሳብ በምን ምክንያት እንደ ተወለደ፥ በእንግሊዝ አገር ምን መልክ እንደ ያዘ፥ ምን ችግር እንዳስከተለ፥ ለኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያም ምን እንደሚያስገነዝብ ቀጥሎ ይገለጻል። የውጭ አገር ሕጎችና ፍርዶች ዘመን በአውሮፓ፥ የኢትዮጵያ ሕጎች ዘመን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቅሷል።

የወረቀቱ ኃይል

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ጽሑፍን ለማመስገን ነው። ጽሑፉ እውነተኛ ሲሆን ምስጋናው ተገቢ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ሐሰት የገባበት እንደሆነ ግን የሚወረሰውም ሐሰቱ ነው።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። አበዳሪው 80 ፓውንድ ቆጥሮ ይሰጥና 100 ፓውንድ መበደሩን የሚያምን ሰነድ ያስፈርማል፤ መክፈያው ከ6 ወር በኋላ ነው። በሰነዱ ላይ «ወለድ» የሚል ቃል የለም፤ ሰነዱን ብቻ ያየ ሰው አበዳሪውን ያለ ወለድ የሚያበድር ደግ ሰው ነው ሊለው ይችላል። ነገር ግን ልዩነቱ 20 ፓውንድ የ80 ፓውንድ ሩብ ነው፤ ይህም ለ6 ወር 25 በመቶ፥ ለአንድ ዓመት 50 በመቶ ወለድ ማለት ነው። ሕግ የወለዱን ጣሪያ የቱንም ያህል ዝቅ ቢያደርገው፥ ዳኛው 80 የሚለውን ቍጥር እስካላወቀ ድረስ ጣሪያው መደፈሩን ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ የወለድ ጣሪያ ያለ ግልጽ ሒሳብ በወረቀት ላይ የተጻፈ ምኞት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ፍርድ ቤት ከወረቀቱ አልፎ የማያይ ከሆነ ምን እንደሚከተል በምዕራብ ሕንድ የደረሰው ሁከት ያሳያል። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የጥጥ ዋጋ ንሮ ስለ ነበር፥ በደካን የሚኖሩ ገበሬዎች በቀላሉ ብድር ያገኙ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ዋጋው ወደቀ፤ የመሬት ግብሩ ከፍ ተደረገ፤ አበዳሪዎችም ፊታቸውን አዞሩ። ገበሬው ማንበብ በማይችለው ሰነድ ላይ ምልክቱን አኑሮ ነበርና፥ ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይፈረድበትና መሬቱ ይሸጥበት ጀመር። በ1875 በወርኃ ሜይ፥ ሱፓ በምትባል የፑና አውራጃ የገበያ መንደር ሕዝቡ ተነሥቶ የአበዳሪዎቹን ቤትና ሱቅ ወረረ። ሁከቱም ወደ ሌሎች መንደሮች ተዛመተ። ገበሬዎቹ ከሁሉ በፊት የፈለጉት የዕዳ ሰነዶቹን ነበር፤ ያገኟቸውንም በእሳት አቃጠሏቸው።

ይህ ድርጊት በሕግ ፊት ወንጀል ነው። ይሁን እንጂ ለሕግ ሰው ትልቅ ትምህርት አለበት። ሰነዱ በፍርድ ቤት የማይመረመር ከሆነ፥ ባለዕዳው ከእሳት በቀር ሌላ መርማሪ ያጣል። በ1879 ለደካን ገበሬዎች የወጣው የዕርዳታ ሕግ ይህን የተረዳ ይመስላል። ፍርድ ቤቱ ክርክር በተነሣበት ሒሳብ ላይ ሰነዱን ብቻ አይቶ እንዳይፈርድ፥ ሁለቱን ወገኖች እየጠየቀ የብድሩን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲመረምር አዘዘ። ገበሬውም ለከፈለው ደረሰኝ፥ በየዓመቱም የሒሳብ መግለጫ የማግኘት መብት ተሰጠው።

ስምን ከመግለጽ ሒሳብን ወደ መግለጽ

በእንግሊዝ አገር የወለድን መጠን ይወስኑ የነበሩት የጥንት ሕጎች በ1854 ተሻሩ። የዘመኑ እምነት፥ ሁለት ሰዎች በፈቃዳቸው የተስማሙበትን ዋጋ ሕግ ሊለካው አይገባም የሚል ነበር። ግማሽ ምዕት ዓመት ሳይሞላ ግን የገንዘብ አበዳሪዎች ነገር ሕዝቡን አስመረረ። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ኮሚቴ በ1897 እና በ1898 ጉዳዩን መረመረ።

በመጀመሪያ ጐልቶ የወጣው ጥያቄ የስም ጉዳይ ነበር። በአስጨናቂነቱ ክፉ ዝና ያተረፈ አበዳሪ በሌላ ሰው ስም ማስታወቂያ አውጥቶ ያበድር ነበር። በ1899 በተወሰነው ጎርደን በስትሪት ላይ በተባለው ጉዳይ፥ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አበዳሪው ማንነቱን በማታለል ስለ ደበቀ ተበዳሪው ውሉን ሊያፈርስ ይችላል ሲል ወሰነ። በተከታዩ ዓመት የወጣው የ1900 ሕግ፥ ማናቸውም ገንዘብ አበዳሪ እንዲመዘገብ፥ ንግዱንም በተመዘገበው ስምና አድራሻ ብቻ እንዲያካሂድ ደነገገ። ከዚህም ጋር ፍርድ ቤቶች ወለዱ ከመጠን ያለፈና ውሉ ጨካኝ ሆኖ ሲያገኙት፥ ሒሳቡን እንደገና ከፍተው የማስተካከል ሥልጣን አገኙ። የሎርዶች ምክር ቤትም በ1906 ሳሙኤል በኒውቦልድ ላይ በተባለው ጉዳይ፥ ሌላ ተንኰል ባይረጋገጥ እንኳ የወለዱ መብዛት ብቻውን ለዚህ ሥልጣን በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። በዚያ ጉዳይ የተጠየቀው ወለድ በዓመት 418 በመቶ ነበር።

ነገር ግን ስምን ማወቅ ሒሳብን ማወቅ አይደለም። ሒሳቡን ለመክፈት ሥልጣን ያለው ዳኛ፥ የሚከፍተው ነገር መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ይህን ጕድለት የሞላው የ1927 ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አበዳሪው በየዓመቱ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ብድሩም የሚጸናው የውሉን ቃል ሁሉ የያዘ ማስታወሻ ተጽፎ፥ ተበዳሪው ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት ራሱ ከፈረመበት፥ ግልባጩም በ7 ቀን ውስጥ ከደረሰው ብቻ ነበር። ማስታወሻው የብድሩን ቀን፥ ዋናውን ገንዘብና በዓመት የሚታሰበውን ወለድ በመቶኛ መግለጽ ነበረበት። ወለዱ በዓመት ከ48 በመቶ ከበለጠ፥ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ከመጠን ያለፈና ጨካኝ እንደሆነ ይገመት ነበር። ከላይ በምሳሌ የተነገረው የ80 ፓውንድ ብድር በ50 በመቶው ከዚህ ግምት ውስጥ ይወድቃል፤ የሚወድቀው ግን 80 የሚለው ቍጥር ከተገለጸ ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ ተበዳሪው አንድ ሽልንግ ከፍሎ በጽሑፍ በጠየቀ ጊዜ፥ አበዳሪው የብድሩን ሒሳብ፥ ማለት የተከፈለውን፥ ቀኑ ደርሶ ያልተከፈለውንና ገና ያልደረሰውን ለይቶ መስጠት ነበረበት። ያለ በቂ ምክንያት አንድ ወር ያሳለፈ አበዳሪ፥ መግለጫውን እስኪሰጥ ድረስ ዋናውንም ሆነ ወለዱን መክሰስ አይችልም፤ ለዘገየበትም ጊዜ ወለድ አይታሰብለትም ነበር።

በክሱ ጽሑፍ ላይ የሚሰፍሩት ነገሮች

ይህ ሁሉ ድንጋጌ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ውጭ የሚፈጸም ነበር። ድንጋጌውን ወደ ችሎቱ ያስገባው የሥነ ሥርዓት ደንብ ነው። በእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደንቦች ውስጥ 83ኛው ክፍል የገንዘብ አበዳሪዎችን ክስ ለብቻው ይመራ ነበር። በዚሁ መሠረት አበዳሪው ክሱን ሲያቀርብ፥ በብድሩ ጊዜ የጸና ፈቃድ የነበረው መሆኑን በመጥሪያው ላይ መግለጽ ነበረበት። በክሱ ጽሑፍም የሚከተሉትን ዘርዝሮ ማስፈር ግዴታው ነበር፤

ብድሩ የተሰጠበትን ቀን፤ በእርግጥ የተሰጠውን ገንዘብ ልክ፤ በዓመት የሚታሰበውን ወለድ በመቶኛ፤ የመክፈያው ውል የተደረገበትን ቀን፤ ማስታወሻ ተጽፎ በተበዳሪው መፈረሙን፤ ግልባጩ ለተበዳሪው የደረሰበትን ቀን፤ እስከዚያ ድረስ የተከፈለውን፤ ቀኑ ደርሶ ያልተከፈለውን፤ ያልተከፈለው ገንዘብ መከፈል የነበረበትን ቀን፤ በየሒሳቡም ላይ የተጠራቀመውን ወለድ።

ከእነዚህ ከዐሥሩ ሁሉ ይበልጥ የሚመዝነው ሁለተኛው ነው። ደንቡ «የብድሩን ልክ» ብቻ ብሎ አላለፈም፤ «በእርግጥ የተሰጠውን» አለ እንጂ። በሰነዱ ላይ 100 ብሎ የጻፈ አበዳሪ፥ ለፍርድ ቤት በሚያቀርበው ጽሑፍ 80 ብሎ እውነቱን መናገር፥ አለዚያም በገዛ እጁ ሐሰት መጻፍ ግድ ሆነበት። ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጥ ወደ ፍርድ የሚያልፍበት ሦስተኛ መንገድ አልተተወለትም።

ደንቡ በዚህ አላበቃም። ተከሳሹ ባልቀረበ ወይም መልስ ባልሰጠ ጊዜ፥ በሌላ ክስ እንደሚደረገው ፍርዱ በጽሕፈት ቤት በቀላሉ ተመዝግቦ አይወጣም ነበር። አበዳሪው የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ ተከሳሹ ቢመጣም ባይመጣም ፍርድ ቤቱ ሒሳቡን መመርመርና ማስተካከል ይችል ነበር። የዚህን ጥቅም መገመት አያዳግትም። ዕዳ ያለበት ሰው መጥሪያ ሲደርሰው ይፈራል፤ ያፍራል፤ የጠበቃም ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ ይቀራል። የደካን ገበሬ የቀረበትም ምክንያት ይኸው ነበር። በሌለበት የሚፈረድበት ሰው ደግሞ መከላከያውን የሚናገርለት የለምና፥ ደንቡ መከላከያውን በራሱ በከሳሹ ጽሑፍ ውስጥ አኖረለት።

ትእዛዙን ያልፈጸመ አበዳሪ

የእንግሊዝ ሕግ ወደ ብዙ የግዛቱ አገሮች ተዛምቶ ነበር፤ ናይጄሪያም አንዷ ናት። የናይጄሪያው ሕግ አበዳሪው ብድሮቹን በተወሰነ መልክ በመዝገብ እንዲጽፍ አዝዞ፥ ያልጻፈ እንደሆነ መብቱን ማስከበር እንዳይችል ይከለክል ነበር። በ1956 በፕሪቪ ካውንስል በተወሰነው ካሱሙ በባባ ኤግቤ ላይ በተባለው ጉዳይ፥ አበዳሪው መዝገቡን እንደ ሕጉ አልያዘም ነበር። ተበዳሪው በመያዣ የሰጣቸው ሰነዶች እንዲመለሱለት ከሰሰ። አበዳሪው ደግሞ በርትዕ የሚጠይቅ ሰው ራሱም ርትዕን ማድረግ አለበትና መጀመሪያ ብድሩን ይክፈል ሲል ተከራከረ። ዳኞቹ ግን ይህን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ሕጉ በፊት ለፊት የከለከለውን በጓሮ መፍቀድ ይሆናል ብለው፥ ሰነዶቹ ያለ ክፍያ እንዲመለሱ ወሰኑ።

ፍርዱ ከባድ ነው፤ ገንዘቡን በእርግጥ የሰጠ ሰው ባዶ እጁን ቀርቷል። የሕጉ አስተሳሰብ ግን ግልጽ ነበር። መዝገብ መያዝ ለአበዳሪው የግል ጕዳይ ሳይሆን የተበዳሪው መጠበቂያ ስለሆነ፥ መጠበቂያውን ያፈረሰ ሰው በፍርድ ቤት እርዳታ ሊያገኝ አይገባም የሚል ነው።

ጥብቅነቱ ያስከተለው ችግር

ይህን የመሰለ ጥብቅ ሕግ ችግር የለበትም ማለት አይቻልም። በ1977 የሎርዶች ምክር ቤት በወሰነው ኦራክፖ በማንሰን ኢንቨስትመንትስ ላይ በተባለው ጉዳይ፥ ተበዳሪው በብድሩ ቤቶች ገዝቶበት ነበር። ማስታወሻዎቹ ግን የውሉን ቃል ሁሉ አልያዙም ተባለ። አበዳሪው ብድሩን ማስከበር አልቻለም፤ ዕዳቸውን በከፈለላቸው በቀድሞ ባለመብቶች ቦታ ተተክቶ ለመጠየቅም አልተፈቀደለትም። በዚህ ጊዜ የ1927ን ሕግ የሚተካው የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ ወጥቶ ነበር፤ እሱም ቢሆን ዋና ዋና ቃሎች የጐደሉትን ውል ፍርድ ቤት እንዳያስከብር ይከለክል ነበር።

በ2003 በዚያው ምክር ቤት የታየው ጉዳይ የነገሩን ሁለት ገጽታ አንድ ላይ ያሳያል። አንዲት ሴት መኪናዋን አስይዛ 5,000 ፓውንድ ተበደረች። አበዳሪው 250 ፓውንድ የሰነድ ማዘጋጃ ክፍያ ጨምሮ፥ የብድሩ ልክ 5,250 ፓውንድ ነው ብሎ ጻፈ። ክፍያው የብድሩ ዋጋ እንጂ ብድር ስላልሆነ የብድሩ ልክ በትክክል አልተገለጸም ተብሎ ውሉ ሊጸና አልቻለም። ስሕተቱ የ250 ፓውንድ፥ ቅጣቱ ግን የመላው ገንዘብ መጥፋት ነበር። በ2006 የወጣው ማሻሻያ ይህን ፍጹም ክልከላ ሰርዞ፥ ነገሩን ለዳኛው ሚዛን ተወው።

በሆንግ ኮንግ የተያዘው መንገድ ከሁለቱ መካከለኛ ነው። በ1980 የወጣው የገንዘብ አበዳሪዎች ሕግ ማስታወሻውንና ግልባጩን እንደ 1927ቱ ሕግ ይጠይቃል፤ ነገር ግን አለማጽናቱ ከርትዕ ውጭ ሆኖ ያገኘው ፍርድ ቤት ብድሩን ሊያጸናው ይችላል። አበዳሪው በክሱ ላይ የሚዘረዝራቸው ነገሮችም በሥነ ሥርዓቱ ደንብ ተጠብቀዋል። የወለዱ ጣሪያ ደግሞ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በዓመት ከ60 ወደ 48 በመቶ ዝቅ ብሏል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ የመግለጽን ግዴታና ባለመግለጽ የሚመጣውን ቅጣት ለያይቶ ማየት እንደሚገባ ነው። ቅጣቱ ሊለዝብ ይችላል፤ ግዴታው ግን ሊለዝብ አይገባም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ባንኮችና አነስተኛ የብድር ተቋማት በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይሠራሉ። በግሉ የሚያበድር ሰው ግን በእንግሊዝ እንደ ነበረው ያለ ልዩ መዝገብ የለውም፤ ክሱም እንደ ማናቸውም የገንዘብ ክስ ይቀርባል። ይህ ማለት ግን ሕጉ ዝም ብሏል ማለት አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል በቍጥር 2472 ይደነግጋል። በቍጥር 2479 ደግሞ ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 የሰውን ችግር ምክንያት አድርጎ አራጣ ያበደረውን ይቀጣል።

ጣሪያው አለ፤ ቅጣቱም አለ። የሚጐድለው 80 የሚለው ቍጥር ነው። በችሎት የቆየ ጠበቃ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አራጣ አበዳሪ «አራጣ» ብሎ አይጽፍም። ወለዱን ከዋናው ገንዘብ ጋር ደምሮ አንድ ድምር ያስፈርማል፤ ወይም ብድሩን የቤት ወይም የመኪና ሽያጭ ያስመስለዋል፤ ወይም ቀኑ ወደ ፊት የሆነ ቼክ ይቀበላል። የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ስለሆነ፥ ሕጉ ለእውነት መጠበቂያ ያደረገው ጽሑፍ ለሐሰት መሸሸጊያ ይሆናል። ክሱ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቍጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ከቀረበ ደግሞ፥ ተከሳሹ ለመከላከል እንኳ በቃለ መሐላ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ያልቀረበ ተከሳሽ ነገርማ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው።

ስለ አበዳሪው የሚነገረውም ቃል ሊሰማ ይገባል። ገንዘቡን በቅንነት የሰጠና የተካደ ሰው ብዙ ነው። ሲበደር የለመነ፥ ሲከፍል ግን «አላውቅህም» የሚል ተበዳሪም አይጠፋም። የዚህ ዓይነቱ ተከሳሽ በየቀኑ አዲስ ምክንያት እየፈጠረ ክርክሩን ቢያራዝም ፍትሕ ይጓደላል። የመግለጽ ግዴታ ግን ቅን አበዳሪን አይጎዳውም። የሰጠውን የሚያውቅ፥ የተቀበለውን የጻፈ ሰው፥ ሁሉንም በአንድ ገጽ መዘርዘር አያቅተውም፤ ዘርዝሮ ሲያቀርብም የካጁን መንገድ አስቀድሞ ይዘጋበታል። ግዴታው የሚከብደው ሁለት ሒሳብ ለሚይዘው ብቻ ነው።

አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በመጀመሪያው የመሰማት ቀን ዳኛው ተከራካሪዎችን እንዲጠይቅ በቍጥር 241 ሥልጣን ይሰጠዋል። እንግዲህ የብድር ክስ የያዘ ዳኛ፥ ተከሳሹ በቀረበም ሆነ በቀረ ጊዜ፥ ከሳሹን ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ በሥልጣኑ ሠራ እንጂ ከሥልጣኑ አላለፈም። በእርግጥ የሰጠኸው ስንት ነው? እስከ ዛሬ የተቀበልኸው ስንት ነው? የቀረው ገንዘብ ምን ያህሉ ዋና፥ ምን ያህሉ ወለድ ነው? መልሱም በመዝገብ ይስፈር።

የጠበቃው ድርሻ ከዚህ ይቀድማል። ለአበዳሪ የሚቆም ጠበቃ ክሱን ከመጻፉ በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች ለደንበኛው ቢያቀርብ፥ መልሱንም በክሱ ጽሑፍ ላይ ቢያሰፍር፥ ደንበኛውን ከወንጀል፥ ራሱንም ለሐሰት መሣሪያ ከመሆን ያድናል። ለተበዳሪ የሚቆመውም ጠበቃ ፊርማው ትክክል መሆን አለመሆኑን በመከራከር ብቻ ሳይወሰን፥ ከፊርማው በስተጀርባ ያለውን ሒሳብ እንዲገለጥ ይጠይቅ።

በሱፓ መንደር የተነሣው እሳት ወረቀቶቹን አጠፋ፤ ሒሳቡን ግን አልገለጠም። ቅን አበዳሪና አራጣ አበዳሪ፥ የተካደ ባለገንዘብና የተገፋ ባለዕዳ ሳይለዩ ቀሩ። ሊለያቸው የሚችለው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱም ሊለያቸው የሚችለው ክሱን የሚጽፈው እጅ በእርግጥ የተሰጠውን ገንዘብ ሲጽፍ ነው።